ምሬንዝ፦ ስለ ስሙ፣ ስለ ፍሬውና ስለ መርዙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ፣ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው ቁልቁለት የሚበቅል አንድ ተክል አለ። ቅጠሉ በጋ ከክረምት አረንጓዴ ነው። አበባው ያውዳል። ፍሬውም ሲያዩት ያስጎመጃል። ምሬንዝ ይባላል። ከተማ አድገው ለበዓል ወደ ዘመድ የሚወርዱ ሰዎች፣ በተለይ ልጅ ይዘው የሚሄዱት፣ ስለዚህ ተክል የሚጠይቁት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ከቸኮላችሁና አንዱን ብቻ ማንበብ ከፈለጋችሁ ስለ አጋም የሚያወራውን አንብቡ።

ምሬንዝ ምን ዓይነት ተክል ነው?

ቁጥቋጦ ነው፤ ከደላው ትንሽ ዛፍ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ከሰው ቁመት ትንሽ ያልፋል፣ አንዳንዱ ግን ከ5 ሜትር በላይ ይዘልቃል።

ቅጠሉን ቀንጠብ አድርጋችሁ ብትይዙት ወፍራምና ደረቅ ያለ ነው፤ ስታጥፉት እንደመሰበር ይላል። ከላይ ያብረቀርቃል፣ ከሥሩ ደብዘዝ ይላል፣ ጫፉ ሾል ያለ ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። አበባው ነጭ ሆኖ ሮዝ ቀለም ነካ ያደርገዋል፤ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ተጨናንቆ ይፈካል። ፍሬው መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ ይቀላል፣ ሲበስል ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይን ጠጅ ይሆናል። ትልቅ ከተባለ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ አንድ ወይም ሁለት ዘር አለ። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያነባል።

ስሙ ከ«መርዝ» የመጣ ነው?

እኔ አዎ ከሚሉት ወገን ነኝ። ስሙን ቀስ ብላችሁ ጥሩት፦ ም፣ ሬ፣ ን፣ ዝ። ከመሃል «ን»ን ብታወጧት የቀረው ምን እንደሆነ ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ደግሞም አንዳንድ ቦታ ሰዉ ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም፤ ዛፉን በቀጥታ «መርዝ» ብሎ ይጠራዋል። ሌላው መሬንዝ ይላል፣ ሌላው ምሬንዝ። አጠራሩ ከቀበሌ ቀበሌ ትንሽ ትንሽ ይለያያል እንጂ ተክሉ አንድ ነው።

አማርኛ ለተክል ስም ሲያወጣ ብዙ ጊዜ መልክን ወይም አገልግሎትን ያያል። የወፍ ቆሎ፣ የምድር እንቧይ፣ የአህያ ጆሮ እያለ ይሄዳል። ምሬንዝ ላይ ግን ስለ አበባው ማማርም ሆነ ስለ ቅጠሉ ውበት አንድም ነገር አላለም። የሚያደርገውን ብቻ ነው የተናገረው። እንደ እኔ እንደ እኔ ስሙን ያወጣው ሰው ልጆች ነበሩት።

ሌሎች ቋንቋዎችስ ምን ይሉታል?

በኦሮምኛ ቀራሩ ነው። የሰሜን ሸዋ ነገር ታውቃላችሁ፤ አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን የሚነገርበት አገር ስለሆነ በአንድ ገበያ ሁለቱንም ስም ልትሰሙ ትችላላችሁ። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ስለ ሌላ ዛፍ የሚወራ ይመስለዋል። ስለዚህ ቀራሩም ምሬንዝም አንድ መሆናቸውን ያዙ።

በሶማልኛ ደግሞ ዋባዮ ይባላል። ይህ ስም ብዙ ርቆ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1888 ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ ከዚሁ ዛፍ ውስጥ መርዙን ነጥሎ አወጣ። የንጥረ ነገሩንም ስም ከሶማልኛው ወስዶ «ዋባይን» አለው። ዛሬ በየትኛውም ዓለም ያለ የፊዚዮሎጂ ተማሪ ይህን ቃል ሳያውቅ አይመረቅም። ከአፍሪካ ቀንድ የወጣ ቃል መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

ሳይንሳዊ ስሙ ምን ማለት ነው?

አኮካንቴራ ሺምፔሪ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል ከግሪክ የተገጣጠመ ነው፤ «ሹል» እና «የአበባ ዱቄት መያዣ» የሚሉ ሁለት ቃላት ናቸው። አበባው ውስጥ ያሉት የዱቄት መያዣዎች ጫፋቸው ሹል ስለሆነ ነው። እንግዲህ የአገሬው ሰው መርዙን አይቶ ስም ሲያወጣ ሳይንቲስቱ አጉሊ መነጽር ይዞ አበባው ውስጥ ገባ።

«ሺምፔሪ» የሰው ስም ነው። ጀርመናዊው ጆርጅ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ተክል ሊሰበስብ የመጣ ሰው ነበር። እዚሁ አገባ፣ እዚሁ ኖረ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 አድዋ ላይ ሞተ። በዘመኑ የላካቸው የደረቁ ናሙናዎች በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ተከፋፍለው ዛሬም አሉ። በስሙ የተጠሩ የኢትዮጵያ ተክሎች ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ተክል መጀመሪያ ሳይንሳዊ ስም ሲወጣለት «ካሪሳ ሺምፔሪ» ተብሎ ነበር። ካሪሳ ማለት የአጋም ወገን ነው። በኋላ ነው ሽቫይንፉርት የሚባለው ሌላ ጀርመናዊ ወደ ትክክለኛ ቦታው ያዛወረው። ይህን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። ሥራቸው ተክል መለየት የሆኑ ሰዎች ምሬንዝን ከአጋም ወገን ከቆጠሩት የሰባት ዓመት ልጅ ቢሳሳት ምን ይገርማል?

ታዲያ ከአጋም በምን እለየዋለሁ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

አጋም ሁላችንም የምናውቀው ፍሬ ነው። ልጅ ሆኖ አፉን ወይን ጠጅ ያላስመሰለ የገጠር ልጅ የለም። መንገድ ዳር በጣሳ እየተሰፈረ ይሸጣል። ምሬንዝና አጋም ደግሞ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ በአንድ የተክል ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። ሁለቱም ቅጠላቸው ያብረቀርቃል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖም ይወጣል። ሁለቱም ነጭና ሮዝ የሆነ፣ የሚያውድ አበባ አላቸው። ሁለቱም ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያወጣሉ። የሁለቱም ፍሬ ቀይ ሆኖ ቆይቶ ይጠቁራል። በዚህ ላይ አንድ ቁልቁለት ላይ፣ አንዳንዴም ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይበቅላሉ።

ትልቁ ልዩነት እሾህ ነው። አጋም እሾሃም ነው፤ ያውም ቀልድ የማያውቅ እሾህ። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚባለው በከንቱ አይደለም። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቁልቋሉን ይወጋዋል፣ ቁልቋሉም ወተቱን ያፈሳል። ምሬንዝ ግን እሾህ የሚባል የለውም። እጃችሁን ሰዳችሁ ብትለቅሙ ምንም አይነካችሁም። ስለዚህ ለልጅ የምትነግሩት ቀላል ነው፤ ካልወጋህ አትብላው።

ግን እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የአጋም ለጋ ቅርንጫፍ ላይ እሾሁ ገና ሳይጠነክር ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ወረድ ብላችሁ የቆየውን እንጨት እዩ። ሁለተኛው ይብሳል። ጣሳ ውስጥ የገባ ፍሬ እሾህ የለውም። ከዛፉ ከተለየ በኋላ አጋም ይሁን ምሬንዝ የምትለዩት በፍሬው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ለማያውቅ ሰው አይበቃም። የምሬንዝ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ ተለቅ ይላል፣ ቅጠሉም ከአጋም ቅጠል ይበልጥ ወፍራምና ረዘም ያለ ነው፣ አበባው ደግሞ በቅጠሉ ሥር ተጠጋግቶ ነው የሚወጣው። ይህ ሁሉ ግን ቅርንጫፉ እጃችሁ ላይ ካለ ነው። ልጆች ለቅመው ያመጡትን አጋም ከመብላታችሁ በፊት ከየት እንደለቀሙት ጠይቁ። ከቻላችሁ ቅርንጫፉን አስመጡና እዩት። አካባቢውን የሚያውቅ እረኛ ካለ ከሁላችንም ይበልጣል።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የት ነው የሚገኘው?

ወይና ደጋና ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ ይወዳል። በአገራችን ከ1,200 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው መሬት ላይ ነው የሚበዛው። ስለዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ አትፈልጉት። የመንዝ ደጋ ላይም ቦታው አይደለም። ከጣርማ በር ዋሻ አልፋችሁ ወደ ቆላው መውረድ ስትጀምሩ፣ ጆሯችሁ ሲደፈንና ጃኬት ማውለቅ ሲያምራችሁ፣ ያኔ ወደ እሱ አገር እየገባችሁ ነው። የይፋት ተዳፋት፣ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደው ገደል፣ ድንጋያማና ደረቅ ያለ ቁጥቋጦ መሬት ይስማማዋል።

ጎረቤቶቹ ወይራ፣ ጽድ፣ ክትክታ፣ ቀጋ ናቸው፤ አጋምም አለበት። በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የተጠበቁ ደኖች ውስጥም ይገኛል።

መርዙ የት የት ነው ያለው?

ሁሉም ቦታ። እንጨቱ፣ ልጡ፣ ሥሩ፣ ቅጠሉ፣ ዘሩና ያልበሰለው ፍሬ።

ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል?

የሚመታው ልብን ነው። እያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚያወጣ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ትንሽ ፓምፕ አለው። ሦስት ሶዲየም ያወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል፤ ሌት ተቀን። ነርቭ የሚሠራው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው በዚህ ነው። ዋባይን ሄዶ ይህን ፓምፕ ይዘጋዋል። ፓምፑ ሲዘጋ የልብ ሕዋሳት ውስጥ ሶዲየም ይጠራቀማል፣ እሱን ተከትሎ ካልሲየም ይበዛል። ልብ መጀመሪያ በኃይል ይመታል። መጠኑ ከጨመረ ግን ምቱ ይዛባል፣ ይዘገያል፣ መጨረሻ ላይም ሊቆም ይችላል።

ይህ ፓምፕ መኖሩን ራሱ እንድናውቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የምሬንዝ መርዝ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ እ.ኤ.አ. በ1957 የሸርጣን እግር ነርቭ ላይ ሲሠራ ያገኘው ኤንዛይም ይህ ፓምፕ ነበር። ፓምፑ ያው መሆኑን ለማረጋገጥ የረዳው ደግሞ ዋባይን ነው፤ ሲጨምርበት ሥራውን ያቆማል። ስኩ እ.ኤ.አ. በ1997 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ግማሹን ወሰደ።

ይሄ ነው በቀስት ጫፍ የሚቀባው?

አዎ። በምሥራቅ አፍሪካ የቀስት መርዝ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ይህ ተክልና ዘመዶቹ ናቸው። ኬንያ ውስጥ ጊሪያማና ካምባ የሚባሉ ሕዝቦች በዚህ ዝሆን ሳይቀር ያድኑ ነበር። እንጨቱና ሥሩ ይከተከታል፣ ውሃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ይፈላል፣ ውሃው እየተነነ ሄዶ ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ነገር ይቀራል። እሱ ነው የቀስቱ ጫፍ ላይ የሚቀባው። ከዚያ በቆዳ ይጠቀለላል። አንድም እንዳይደርቅ ነው፣ አንድም ባለቤቱን እንዳይጭረው።

«ታዲያ ሥጋው እንዴት ይበላል?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተላል። ዋባይን በሆድ በኩል ሲገባ አንጀት ብዙም አይቀበለውም። ደም ውስጥ በቀጥታ ሲገባ ነው ፈጥኖ የሚገድለው። አዳኞቹ ቀስቱ የገባበትን አካባቢ ቆርጠው ይጥሉና ሌላውን ይበላሉ።

ይህን ስታነቡ «እንግዲያው በአፍ ከሆነ ችግር የለም ማለት ነው» እንዳትሉ! ዛፉ ውስጥ ያለው ዋባይን ብቻ አይደለም። ተመሳሳይ የሆኑ ሌሎች መርዞችም አሉበት። የልጅ ሰውነት ደግሞ ትንሽ ነው።

ሲበስል ይበላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ይሄን የሚል ሰው አይጠፋም። ውሸትም አይደለም። በተለያዩ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ሙልጭ ብሎ የጠቆረውን የምሬንዝ ፍሬ የሚበሉ ሰዎች አሉ፤ በተለይ በችግር ጊዜ። ሲበስል መርዙ ይቀንሳል፣ ጣፈጥ ይላል፣ ትንሽም መረር ያደርገዋል ይላሉ።

የእኔ መልስ አትብሉት ነው። «በስሏል» የሚለው ቃል ነው ችግሩ። ገና ወይን ጠጅ የሆነውንና ፈጽሞ የበሰለውን ማን ነው የሚለየው? ዘሩንስ ማን ነው ተጠንቅቆ የሚተፋው? አጋም እዛው አጠገቡ እያለ ይህን ቁማር የሚያስገባ ምንም ምክንያት አይታየኝም።

ልጄ በልቶት ይሆን ብዬ ተጠራጠርኩ። ምን ላድርግ?

አፉ ውስጥ የቀረውን አውጡ፣ አፉን በውሃ አጉመጥምጡት። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ መኪና ከቀረባችሁ ግን አምቡላንስ አትጠብቁ፣ በተገኘው ሂዱ።

ጣት አስገብቶ ማስመለስ ይቅር። ወተት፣ ቅቤ፣ ሎሚ ለማጠጣት እያላችሁም ጊዜ አታባክኑ። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሁሉም የየራሱን መድኃኒት ያዛል፤ ፍቅር ነው፣ ግን ሰዓቱ ይሄዳል። አንድ ሰው ሮጦ ቅጠልና ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ቆርጦ በላስቲክ ይዞ ይምጣ። ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ በላይ ይጠቅመዋል። ስንት ሰዓት ላይ እንደበላና በግምት ስንት ፍሬ እንደሆነም ንገሩት።

ምልክቶቹ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ማዞር፣ ድካምና የልብ ምት መዛባት ናቸው። ምቱ ቀስ ሊል ወይም ሊዘባርቅ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች የልብ ምርመራ፣ ማለትም ኢሲጂ አንስተው የሚከታተሉት። ልጁ አስመልሶ ደህና መስሎ ቢታይም ወደ ቤት ልመልሰው ብላችሁ አትከራከሩ።

መድኃኒት ነው ሲባል ሰምቻለሁ?

በባህል ሕክምና ውስጥ ስሙ ይነሳል። በተለያዩ የአገራችን አካባቢዎች ቅጠሉ ለቆዳ በሽታና ለቁስል ይውላል። ዋባይን ራሱም በጀርመንና በፈረንሳይ ለብዙ ዓመታት በመርፌ የሚሰጥ የልብ መድኃኒት ነበር። ስለዚህ መድኃኒትነቱ ተረት አይደለም።

ግን ልዩነቱን እዩ። በመርፌ ይሰጥ የነበረው መድኃኒት በሚሊግራም ክፍልፋይ የሚለካ ነበር፣ ያውም ሐኪም ቆሞ እያየ። አንድ ዛፍና ሌላ ዛፍ፣ ቅጠሉና ሥሩ፣ የያዙት የመርዝ መጠን አንድ አይደለም። በማንኪያ ወይም በስኒ እየለኩ የሚጠጣ ነገር አይደለም። የተቆሰለ ቆዳ ላይ ማድረግም ራሱን የቻለ ችግር አለው፤ ቀስቱ የሚገድለውም በቁስል በኩል ገብቶ መሆኑን አትርሱ። አዋቂ ነኝ የሚል ሰው «ይሄን ጠጣ» ካላችሁ ምን ተክል እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም። ምሬንዝ ወይም ቀራሩ ካላችሁ አመስግናችሁ ተነሱ።

መፋቂያ ወይም የሥጋ መጥበሻ እንጨት ባደርገውስ?

አይሆንም። መንገድ ላይ ያገኙትን ቅርንጫፍ ቆርጦ ጥርስ መፋቅ ልማዳችን ነው። ወይራ ወይም ክትክታ ከሆነ ደግ። ወተት የሚያወጣ እንጨት ግን አፋችሁ ውስጥ አታስገቡ፣ ሥጋም አትሰኩበት፣ ወጥም አታማስሉበት። ካምፕ የሚወጡ ወጣቶች ይህችን ቢይዙ ጥሩ ነው።

ከብቶችስ?

ለምለም ሣር እያለ ብዙም አይጠጉትም፤ መራራ ነው። አስጊው የበጋ መጨረሻ ነው። ሁሉም ነገር ሲደርቅ ምሬንዝ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፣ የራበው ከብትም ምርጫ ያጣል። ተቆርጦ በረት አጠገብ የተጣለ ቅርንጫፍም እንዲሁ። አጥር ለማጠር የቆረጣችሁት ውስጥ ምሬንዝ ካለ ለይታችሁ አርቁት።

አንዲት አይጥ ይህን ዛፍ ታኝካለች የሚባለው ተረት ነው?

እውነት ነው፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም ነበር። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ ጀርባዋ ላይ ጎፈር ያላት ትልቅ አይጥ አለች። መጠኗ ከተራ አይጥ እጅግ ይበልጣል። የምሬንዝን ልጥ ታኝክና ምራቋን ጎኗ ላይ ያለው ለየት ያለ ፀጉር ላይ ትቀባዋለች። ፀጉሩ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ መርዙን መጥጦ ይይዘዋል። ጠላት ሲመጣባት አትሮጥም። ጎፈሯን ከፈት አድርጋ የተቀባውን ቦታ ታሳየዋለች። የነከሳት ውሻ ወይ ይታመማል ወይ ይሞታል። ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል። እሷን መርዙ ለምን እንደማይጎዳት የሚያጠኑ ሰዎች አሁንም አሉ።

የሰው ልጅ ቀስት መቀባቱን ከአይጧ ተማረ ወይስ በራሱ ደረሰበት የሚለውን ለቡና ሰዓት ትቼላችኋለሁ።

ፊልም ላይ የምንሰማው «ቤላዶና» ይሄ ነው?

አይደለም። ቤላዶና የአውሮፓ ተክል ነው፤ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ፍሬ አለው፣ ጫካ ውስጥ ይበቅላል። ስሙ በጣልያንኛ «ቆንጆ ሴት» ማለት ነው። ሴቶች የዓይናቸው ብሌን እንዲሰፋ ጭማቂውን ያንጠባጥቡ ነበር ይባላል። የሚመደበውም ከድንች፣ ከአውጥና ከእንቧይ ወገን ነው። አትሮፒን የሚባለው መድኃኒት ከእሱ ነው የወጣው። የሚገርመው፣ በምሬንዝ ዓይነት መርዝ ልቡ የዘገየ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ ሊሰጡት ከሚችሉት መድኃኒቶች አንዱ ይኸው አትሮፒን ነው።

እንቧይና እንዶድስ መርዛማ አይደሉም?

ናቸው። የእንቧይ ቢጫ ፍሬ አይበላም፤ ለመወራወሪያና «የእንቧይ ካብ» ለሚለው አባባል ነው የሚሆነው። የእንዶድ ፍሬም ለልብስ ማጠቢያ እንጂ ለሆድ አይደለም። ግን እነዚህን ሁለቱን ማንም ከአጋም ጋር አያምታታቸውም። ለዚህ ነው ስለ ምሬንዝ ይህን ያህል የማወራው።

ግቢዬ አጠገብ በቅሏል። ልቁረጠው?

ትንንሽ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ከሆነ ቁረጡት። ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሥራውን ለሌላ ሰው ስጡ፣ ወተቱ ዓይናችሁ ውስጥ እንዳይረጭ ተጠንቀቁ። ሲጨርሱ እጅንም መጥረቢያንም በሳሙና መታጠብ ነው። ቅርንጫፉን ለማገዶ ብላችሁ ምድጃ አጠገብ አትከምሩት፤ ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። ከግንዱ ብቻ ከቆረጣችሁት ተመልሶ ሊያቆጠቁጥ ስለሚችል ሥሩን አውጡ።

ገደሉ ላይ ወይም የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ የቆመውን ግን ተዉት። አፈር ይይዛል፣ ንብ አበባውን ትቀስማለች። እዛው ያሉትን ልጆች ወስዳችሁ ከአጋሙ ጋር ጎን ለጎን አሳዩአቸው፤ የሁለቱንም ቅርንጫፍ በዓይናቸው አይተው፣ የአጋሙን እሾህ በጣታቸው ነክተው፣ ስሙን ጮክ ብለው ይጥሩት።